ሳይዘንብ የሚሞላ ውሃ

ይድረስ ለባሌ ለሀብቴ፣ በባሕሩ ደሴት አሸዋ ውስጥ ለተኛኸው፤

እንደምን ከርመሃል? ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። መስቀል አልፎ አደይ አበባው እየጠወለገ ነው። እኔ አስካለ ደህና ነኝ፣ ምላሴም እንደምታውቀው አለ፤ ጉልበቴ ግን ከድቶኛል። ሰው ፊት አንቱ እልህ ነበር፣ ጓዳ ስንገባ ብቻ ነበር አንተ የምልህ። አሁን የሚሰማን ሰው የለም፣ ጓዳውም ባዶ ነው፣ ስለዚህ አንተ እያልኩ ነው የምጽፍልህ። ቅር ካለህ መጥተህ ተቆጣኝ።

ወረቀቱ ያንተው ነው። መጨረሻ ስትመጣ ከባሕር ያመጣህልኝ ነው፤ ያኔ ጨው ብታመጣልኝ አይሻልም ነበር ወይ ብዬ ስቄብህ ነበር። አባቴ ፊደል ሲያስቆጥረኝ የየካ ሰው ሁሉ ሴት ልጅ ዳዊት ደግማ ማን ሊያስቀድሳት ነው እያለ ሲስቅ አንተ አልሳቅክም። እንዲያውም የታጨሁልህ ጊዜ፣ እኔ ማንበብ አልችልም፣ እሷ ታንብብልኝ አልክ አሉ። ይኸው አንብቤ ጻፍኩልህ፤ የሚያነብልህ ግን የለም። ቀለሙን ከድስት ጥላሸት በጥብጬዋለሁና ቢደበዝዝ አትቀየመኝ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። በቅሎህ ዳሚት አርጅታለች፤ ቁልቁለት ስታይ ቆማ ታስባለች። በስተ ጓሮ ያለው ኮሶ ዛፍ በመብረቅ ተሰነጠቀ። እንጦጦ ላይ የጽድ ደኑ ተመንጥሮ ማለቁ ነው፤ ሴቶቹ ማገዶ ፍለጋ ወጥተው የሚመለሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ቤተ መንግሥቱም ከተራራው ወደ ፍልውሃው ሜዳ ይወርዳል እያሉ ያወራሉ፤ መኳንንቱን ብርዱ ሰልችቷቸዋል መሰለኝ። እኛ የካዎች ወዲያም ወዲህም አልተባልንም፤ እዚሁ ጉም ውስጥ ተቀምጠናል። ጋቢህ ከካስማው ላይ እንደተሰቀለ ነው። አላወረድኩትም፤ ማንም እንዲነካው አልፈቅድም።

ወንድምህ ደግፌ እርሻውን ያርስልኛል። ጣራውን የከደነው እሱ ነው፣ ዳሚት ጎኗን ስትታመም ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የጠበቃት እሱ ነው። ባዶ እጁን ወደዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ሌላው ቢያጣ እንኳ አንድ ጭብጥ እሸት ይዞ ይመጣል። አሁንም ያንን ትልቅ ሳቁን ይስቃል፣ አሁንም ጠላ ሲቀምስ ስለ አንተ ያወራል። ይህን ያስቀደምኩት በኋላ የምነግርህን ስትሰማ እንዳትረሳው ብዬ ነው።

ልጃችን ተክሌ ቁመቱ አንተን አልፏል። ቁጣው የኔ፣ ዝምታው ያንተ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ያስፈራል። ከዓመት በላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያወራው፦ አፅምህን። አባቴ ክርስትና በተነሣበት በየካ ሚካኤል እንጂ ዓሣ አጥማጅ በሚረግጠው አሸዋ አይቀርም አለ። እኔ ደግሞ እንዴት ብዬ እምቢ ልበል? አፅምህ እስኪመጣ እኔም እርሜን አላወጣሁም። ለቅሶህን በልብስህና በጦርህ ዙሪያ አለቀስን፣ ፍትሐትህ ተፈታ፣ ተዝካርህ ተበላ፤ ሆኖም ማታ ማታ ውሻው ሲጮህ አሁንም ጆሮዬን አቀናለሁ።

ያ አሳዳሪህ የነበረው ፈረንጅ ትጠብቅለት የነበረችውን ጀልባ ከሰጠመችበት አስነሥቶ አሳድሷት ኖሮ፣ የሀብቴ ልጅ ለአባቱ አፅም ከመጣ ጀልባዬ ትሁንለት ብሎ በነጋዴዎች ልኮብናል። ከክረምት በኋላ በሚወርደው የነጋዴ ጓዝ ሊሄዱ ተነሡ፤ ተክሌና ደግፌ። መቃብርህን የሚያውቀው ደግፌ ብቻ ነዋ። ወደ ደሴቱ የሚያሻግረው ደግሞ ባሕሩ ሲሞላ ነው፤ ሲሸሽ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ሄደው፣ አፅምህን አውጥተው፣ ደሴቱ ሥር ጀልባ ውስጥ ማደር አለባቸው። አንተ ባደርክበት ቦታ። ጭንቀቴ ከዚያ ይጀምራል።

የጀልባዋን ነገር መጀመሪያ የነገርከኝ ቀን ትዝ ይልሃል? ከነጋዴ ጋር ቅቤና ሰም ይዘህ የወረድክ ሰውዬ የፈረንጅ ጀልባ ጠባቂ ሆነህ መጣህ። ዕቃ ትጭናለች ወይ አልኩህ፣ አትጭንም አልክ። ዓሣ ይጠመድባታል ወይ አልኩህ፣ አይጠመድባትም፣ ፈረንጁ ማታ ማታ ነፋስ ሊቀበልባት ብቻ ነው አልክ። ሰው በሬ ገዝቶ ሳያርስበት ለማየት ብቻ ያስቀምጣል እንዴ? ብዬ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ሥራህስ ምንድን ነው ብልህ፣ እሷን ማሳደር ነው አልከኝ። ሰው እንግዳ ያሳድራል፣ ከብት ያሳድራል፣ የኔ ባል ጀልባ ያሳድራል እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ ነገርኩብህ። አንተ ፈገግ ብቻ።

ኋላ ግን ገባኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከወደቡ ከዘይላ ፊት ለፊት ቆመህ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ትጠይቃለህ። ከመስቀል እስከ ፋሲካ ነፋሱ ከባሕር ከምሥራቅ ይነፍሳል፤ ያን ጊዜ ወደ ደሴቱ ጀርባ፣ በምዕራብ በኩል ትሄዳለህ። በክረምት ደግሞ ከየብሱ እሳት የመሰለ ነፋስ አሸዋ ይዞ ይመጣል፤ ያኔ መጠጊያው ሌላ ነው። ከነፋስ የሚከልል ቦታ ሁሉ ደግሞ ጥልቅ አይደለም፣ ባሕሩ ሲሸሽ ጀልባዋ ጭቃ ላይ ትቀመጣለች። ጭቃው ለስላሳ መሆን አለበት፣ ድንጋይ ካለበት ሆዷን ይቀደዋል። ይህን ሁሉ እንደ ሕፃን ልጅ ነገር ስትነግረኝ ዓይንህ ያበራ ነበር። አንድ ቀን ለኔ እንዲያ ዓይንህ በርቶ ያውቃል? ቀልዴን ነው፤ በርቶ ያውቃል።

ያላመንኩህ አንዱን ነገር ብቻ ነው። ባሕሩ ሳይዘንብ ይሞላል አልከኝ። ሰማዩ ጠርቶ፣ ደመና በሌለበት፣ በየቀኑ ይሞላል፣ በየቀኑ ይሸሻል፤ ጨረቃ ስትሞላ ደግሞ ይብሳል አልክ። ውሸታም! አልኩህ። የካ ወንዝ የሚሞላው እንጦጦ ላይ ሲዘንብ ነው፣ አዋሽም የሚሞላው ሲዘንብ ነው፤ ያንተ ባሕር ከየት አምጥቶ ይሞላል? አንተም አልተሟገትክም። የዳሚትን የውሃ ገንዳ ጎትተህ፣ ጥቂት ውሃ አድርገህ፣ የምንጠጣበትን አንኮላ ከላዩ አንሳፈፍክ። አንኮላውን በጥጥ ፈትል ከድንጋይ ጋር አሰርከውና ድንጋዩን ከታች አስቀመጥክ። ፈትሉ አጭር ነበር። ከዚያ ከእንስራው ቀስ እያልክ ውሃ ጨመርክ። ውሃው ከፍ አለ፣ አንኮላው መነሣት ፈለገ፣ ፈትሉ ግን ያዘው። አፉ ዘመም አለ፣ ውሃ ጠጣ፣ ሰጠመ። ሁለተኛ ፈትሉን አርዝመህ አሰርክና ውሃ ብትጨምር ብትቀንስ አንኮላው አብሮ ወጣ አብሮ ወረደ። ያደረ ጀልባ ገመዱ ይርዘም፣ ይኸው ነው አልከኝ። እኔም አንኮላዬን ስንጥቅ ስላደረግከው በቃህ ብዬ ቀማሁህ።

ከዚያ መርዶህ መጣ። ጎህ ሲቀድ ደጁ በሰው ተሞልቶ ሳይ አወቅሁ፤ ሽማግሌ በዚያ ሰዓት ለደግ ነገር አይመጣም። ደግፌ ከበረሃው ገና መግባቱ ነበር፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ፀጉሩ አድጎ። እንዲህ ብሎ ነገረን። ሊጠይቅህ ወርዶ ገና ጥቂት ቀን መቀመጡ ነበር። ፈረንጁ አገሩ ሄዷል። አንተን ንዳድ ይዞሃል። ነፋስ ከምሥራቅ ሲበረታ ጀልባዋን ወደ ደሴቱ ጀርባ ወሰዳችኋት። ከዚያ በኋላ ነፋሱ ጸጥ አለ። አንተ ጀልባዋ ውስጥ ሸራ ተከናንበህ ተኛህ፤ እሱ ውሃ ላይ መተኛት ስለፈራ አሸዋው ላይ እሳት አንድዶ ጋደም አለ። ሲነቃ ከውሃው በላይ የሚታየው ምሰሶዋ ብቻ ነበር። ሰማዩ እንደ ብርሌ የጠራ፣ ማዕበል የለ፣ ነፋስ የለ፤ ባሕሩ ጋኔን አለበት፣ ወንድሜን ወሰደብኝ ብሎ ፊቱን ነጨ። ሰው ሁሉ አማተበ። የእስላሞቹ ዓሣ አጥማጆች ጉድጓድህን አብረውት እንደቆፈሩ፣ ከተሰበረ መቅዘፊያ መስቀል ሠርቶ እንደተከለብህ ሲነግረን ያላለቀሰ አልነበረም። እኔም የሰማሁት እንደ ሚስት ነው። ጆሮዬ ለሌላ ነገር አልነበረም።

ዘንድሮ ግን፣ ጓዛቸውን ሲያሰናዱ፣ ተክሌ አጎቱን እንዴት ነው የምናድረው ብሎ ጠየቀው። ደግፌም፣ አታስብ፣ እኔ ደህና አድርጌ ማሰር አውቃለሁ አለ። ያን ለታም አባትህ ትኩሳቱ አላስቆም ሲለው፣ ደህና አድርገህ እሰራት አለኝ፤ ባሕሩ ሸሽቶ እሷ ጭቃው ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ግራና ቀኝ ሁለት ግንድ ቀብሬ፣ ገመዱን ከሥራቸው አሳጥሬ፣ እንዳትነቃነቅ አድርጌ አሰርኳት። ገደል አፍ ላይ ያደረች በቅሎ እንኳ እንዲያ አትታሰርም አለ። እየኮራ ነው የተናገረው። ጋኔን ባይሆን ኖሮ ያችን ጀልባ ከዚያ የሚያነቃንቃት አልነበረም አለ።

እኔ ጥጥ እየፈተልኩ ነበር። እንዝርቱ ከእጄ ወደቀ። አንኮላው አፉን ዘመም አድርጎ ውሃ ሲጠጣ ታየኝ።

ሀብቴ፣ ያን ቀን ምድር ከዳችኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ የወጋው መውጋቱን ጭራሽ ካላወቀስ? ምስኪን ወንድምህ የሚያውቀውን ነው ያደረገው። ደጋ የተወለደ ሰው ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል፤ ሰማዩ ከጠራ ውሃ አይመጣም። እኔስ ብሆን ገንዳው ባይኖር አምን ነበር? ብነግረው ይሞታል። ባልነግረው ልጄን ይዞ ይሄድና ደህና አድርጎ ያስርልኛል። ለልጄ ብቻ ብነግረው ደግሞ ተክሌን አውቀዋለሁ፤ በረሃ ለበረሃ ሁለቱ ብቻቸውን ሲሄዱ ሌላ ሬሳ ይመጣልኛል። ሆድ ይፍጀው እንዳልል የሚያልፍ ነገር አይደለም። እህል አልወርድ አለኝ። ደግፌ አሞሻል ብሎ ማር ይዞልኝ መጣ። ማሩን ተቀብዬ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ባንተም ተናደድኩ። ለምን አልልህም? ተናደድኩ! ለኔ፣ ባሕር አይቼ ለማላውቀው፣ ገንዳ ጎትተህ ስታስተምር ያመሸህ ሰውዬ፣ ባሕሩ አፍ ላይ ለቆመው ወንድምህ አንድ ቃል አትናገርም? ደህና አድርገህ እሰራት! ደህናው ምንድን ነው? የየካ ሰው ደህና አድርገህ እሰር ሲሉት አጥብቆ እንደሚያስር ጠፍቶህ ነው? ንዳድ ይዞህ ነበር፣ አውቃለሁ። አፍህ ደርቆ፣ ጥርስህ እየተንገጫገጨ እንደነበር አውቃለሁ። ግን ሁሉ ሰው አንተ የምታውቀውን የሚያውቅ ይመስልህ ነበር፣ ዕድሜህን ሙሉ። በዚህ ስንት ቀን ተጣልተናል? ይኸው በዚሁ ሞትክ።

ወደ ነፍስ አባታችን ወደ መምሬ ሄድኩ። ከደጀ ሰላሙ ጎን ተቀምጠው ነገሬን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። እግዚአብሔር ይፍታሽ እንዲሉኝና እንድሄድ ነበር የፈለግሁት። እሳቸው ግን፣ ልጄ፣ ያላወቀ አልበደለም፤ ያላወቀ ግን ይደግማል አሉኝ። ከየካ ሚካኤል እስከ ቤቴ ያለችውን መንገድ እንዴት እንደመጣኋት አላውቅም።

በማግሥቱ ሁለቱን ጠራኋቸው። ገንዳውን ጎተትኩ። አንኮላውን አመጣሁ፣ ያንኑ የተሰነጠቀውን፣ በሰም የደፈንኩትን። ፈትሉን አሳጥሬ በድንጋይ አሰርኩና ከታች አስቀመጥኩት። ተክሌ እናቱ አበደች ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ዓይኑን ከኔ አልነቀለም። ደግፌ እየሳቀ፣ እቴ ምን ልትጠነቁይልን ነው አለኝ። ውሃውን ቀስ አድርጌ ጨመርኩ። አንኮላው ፈትሉን ወጠረ። ዘመመ። ጠጣ። ሰጠመ።

ደግፌ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ጎንበስ ብሎ ገንዳው ውስጥ አየ፣ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። እንደገና ገንዳውን አየ።

«ሳይዘንብ?» አለኝ።

«ሳይዘንብ» አልኩት።

ሰው እንዲህ በቆመበት ሲያረጅ አይቼ አላውቅም። ነጠላውን ከመቀመጫው ሳያነሣ፣ ዱላውን እንኳ ሳይዝ፣ በራፉን ወጥቶ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ሄደ።

ተክሌ ነገሩ ትንሽ ዘግይቶ ነው የገባው። የገባውም በአንድ ጊዜ ነው። ጦርህን ከግድግዳው ሲያወርድ በሩ ላይ ቆምኩበት። ዞር በይ እናቴ አለኝ፤ ድምፁ ያንተ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ተናገርኩ፦

«አባትህ ‹ደህና አድርገህ እሰራት› ብሎት ነው ያሰራት። ደም የምትመልስ ከሆነ ከአባትህ ጀምር።»

ይህን በማለቴ ይቅር በለኝ፤ ብትለኝም ባትለኝም መልሼ እለዋለሁ። ልጅህ በጥፊ የተመታ ያህል ቆመ። ኋላ ጦሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ጓሮ ወጥቶ፣ መብረቅ የሰነጠቀውን ኮሶ እስኪጨልም ድረስ ፈለጠ። የሁለት ክረምት ማገዶ አለኝ አሁን።

ደግፌ ግን ያን ቀን አልተመለሰም፣ በማግሥቱም አልተመለሰም። በሬዎቹ ሳይጠመዱ እርሻው ባዶውን ዋለ። ከእንጦጦ የሚወርዱትን እንጨት ለቃሚዎች አይታችሁታል ወይ እያልኩ ስጠይቅ ዋልኩ። አንዷ የአገሩ ተወላጅ ኦሮሞ ሴትዮ፣ ጫልቱ፣ ገደሉ አፍ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አየሁት፣ ዳቦ ብሰጠው አልተቀበለኝም አለችኝ። ሀብቴ፣ ያኔ ገደልኩት አልኩ። አንተን ባሕር፣ እሱን እኔ። መምሬን ረገምኩ፣ ገንዳውን ረገምኩ። ለሚካኤልም ከአፍ የማይወጣ ስለት ተሳልኩ፤ ለሱ የነገርኩትን ላንተም አልነግርህም።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ደጄ ላይ ሰው ተንበርክኮ አየሁ። ደግፌ ነው። አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። ይቅርታ የሚለምን ሰው የሚሸከመው ዓይነት ትንሽ ድንጋይ አይደለም፤ የወፍጮ መጅ ሳይሆን ወፍጮውን ራሱን የሚያህል ነው። ከእንጦጦ ድረስ ተሸክሞት ወርዷል። ትከሻው ተልጧል፣ ግንባሩ መሬት ነክቷል። ሽማግሌ አላስከተለም፣ አስታራቂ አልላከም።

ሕጉን ታውቃለህ። ይቅር ለእግዚአብሔር ብሎ ድንጋዩን የሚያወርደው የተበደለው ነው። እጄን ዘረጋሁ፣ እጄ አልሄደም። ደጄ ላይ የተንበረከከው ያ ጣራዬን የከደነ፣ ማር ያመጣልኝ ሰው ነው፤ አንተን ከግንድ ጋር ያሰረብኝም እሱ ነው። ሁለቱም አንድ ሰው ነው፣ እኔ ምን ላድርግ? ቆሜ ቀረሁ። ተክሌ ከኋላዬ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ዞሬ፣ ለብቻዬ አይነሣልኝም፣ ከብዶኛል፣ ና ያዝ አልኩት። ቆየ። በጣም ቆየ። ኋላ መጥቶ በአንዱ ጎን ያዘ፣ እኔ በሌላው ያዝኩ፣ አውርደን መሬት ላይ አስቀመጥነው። ይቅር ለእግዚአብሔር አልኩ። አንድ ጊዜ ነው ያልኩት፤ ለሱም ላንተም ነው። ድንጋዩ ግማሹ ያንተ ነበርና። ያን ጊዜ ደግፌ እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ፣ እኔም መርዶህ የመጣ ቀን ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ ደግፌ አልሄድም አለ። ልጁን ከዓሣ አጥማጅ ጋር ላኪው፣ እኔ ዳግመኛ ገመድ አልይዝም አለ። እኔ ግን ተቆጣሁት። ከእንግዲህ ከአንተ የተሻለ አሳሪ ከየት ይመጣልኛል? የትኛው ዓሣ አጥማጅ ነው ስለ ገመድ ርዝመት አንተን ያህል የሚያስበው? አልኩት። ተክሌም እሱ ካልሄደ እኔም አልሄድም አለ። ይህን ከልጅህ አፍ መስማቴ ለኔ ከሁሉ በለጠ።

ከመሄዳቸው በፊት እየተመላለሱ ገንዳው ጋ ይቀመጡ ነበር። ነፋስ ከየት፣ ጭቃው ምን ዓይነት፣ ገመዱ ምን ያህል። ደግፌ አይስቅም አሁን፣ እንደ ዳዊት ነው የሚደግመው። የነገርከኝን ሁሉ ነገርኳቸው። የረሳሁት ቢኖርስ እያልኩ ከእንቅልፌ እባንናለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ አንድ ትንሽ ነገር፣ አንተ ስትናገር እኔ ስስቅ ያመለጠኝ ቢኖርስ? ይህ ነው የሚበላኝ። ያን ያህል ባልሳቅሁ ኖሮ እላለሁ። ደግሞ ሳቄን ትወደው ነበር፣ አይደል?

ባለፈው ሳምንት ወረዱ። ጋቢህን ከካስማው አውርጄ ለተክሌ ሰጠሁት፤ አፅምህን በሱ ጠቅልሎ ያምጣህ። ካስማው ባዶውን ሲቀር ይከፋኛል ብዬ ነበር። ከፋኝ፣ ግን እንደፈራሁት አይደለም። እስከ ቁልቁለቱ ሸኝቻቸው ተመለስኩ። ደግፌ አንዴ ዞሮ አየኝ፤ እጁን አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም።

አሁን ማታ ማታ ደጅ ወጥቼ ነፋሱን አያለሁ። እዚህ የሚነፍሰው እዚያ እንደማይነፍስ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አያለሁ። በረሃው ገና አላለቀላቸውም፤ ጨረቃዋ ግን በየቀኑ እየሞላች ነው፣ ባሕሩም ከሷ ጋር ይሞላል። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሰማይ ሲጠራ ደስ የሚላት ሴት ነበርኩ፣ ዛሬ ያስፈራኛል። አንተ ደሴቱ ላይ ነህና ሲመጡ ተነሥተህ እያቸው። ከነፋሱ የተከለሉ ይሁኑ፣ ጭቃው ለስላሳ ይሁን፣ ገመዱን አንድ ጊዜ በእጅህ ዳስስልኝ።

መቃብርህን እዚሁ በየካ ሚካኤል ቅጥር አስቆፍሬ እጠብቅሃለሁ፣ ከአባቴ አጠገብ፣ ጽዱ ካለበት። ተዝካርህን በየዓመቱ አወጣለሁ፣ ስምህን በየቅዳሴው አስጠራለሁ፣ ተረስቶ የሚቀር ሰው አይደለህም። እኔም እንዳልረሳህ ብዬ አጥብቄ አስሬህ ነበር፤ ይህን ያህል ጊዜ አጥብቄ። ውሃው ሲሞላ ልሰጥም ምንም አልቀረኝም ነበር። አልፈታሁህም፣ አልፈታህምም። ገመዱን ብቻ አርዝሜዋለሁ።

ሚስትህ አስካለ፣ ከየካ